ለጥምቀት ትመጪ እንደሆነ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 9

እህትዓለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? ትንሿ ይሄኔ ትምህርት ቤት ገብታለች።

ይቅርታውን ቶሎ ልበለው፤ አለዚያ ደብዳቤው እዚሁ ላይ ይቀራል። እናትሽ፣ የእኔም እማዬ፣ ስታርፍ አዲስ አበባ አልመጣሁም። ቀብሯ አመለጠኝ። ሰልስቷም፣ አርባዋም። ያኔ ምክንያት ነበረኝ፤ ግን ስልክ ከመደወል የሚከለክል ምክንያት አልነበረም። «እግዜር ያጥናሽ» ለማለት እንኳ አፌ አልከፈት አለኝ። መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ የቆየሁበት ጊዜ ራሱ ሌላ እፍረት ሆነብኝ። እንዲህ እያለ 3 ዓመት ሞላ። ከእጇ ጎርሼ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ አብረን እናለቅሰዋለን።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ደግሞ ስለፈለግሁሽ ነው። አልደብቅሽም። ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር።

አባዬ ታሞብኝ ነበር፤ ከሰው ሰምተሽ ይሆናል። ባለፈው ግንቦት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ወደ ሱቁ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር እጁ ከዳው። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተቀጥፎ መጣ። እኔም ተቀብዬ አሸሁለት። ያቺ ደቂቃ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

ሆስፒታል ስንደርስ ያየው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ ግን ቀጥ አድርጎ ነገረን። «ስትሮክ ነው። የደም ሥሩ ተደፍኖ ይሁን ፈንድቶ፣ በእጄ ዳብሼ ልለየው አልችልም። የጭንቅላቱን ውስጥ በኤክስሬይ በሚያሳየው ማሽን፣ በሲቲ ስካን፣ መነሳት አለበት። ለአንዱ የሚሰጠው መድኃኒት ሌላውን ይገድለዋል» አለ። ማሽኑ ግን ያን ሳምንት ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠበቅለታል። «ባሕር ዳር ውሰዱት» አሉን።

180 ኪሎ ሜትር። አዘዞ፣ ማክሰኚት፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ። ያ አንቺና እኔ እየዘፈንን የሄድንበት መንገድ ነው። በዚያን ቀን ግን የአባዬን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ በየጉድጓዱ ሾፌሩን «ቀስ!» እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ «ፍጠን!» እላለሁ። መኪና እስኪገኝ፣ ወረቀት እስኪጻፍ፣ ገንዘብ እስኪዋጣ ስንት ሰዓት እንደሄደ አስቢው። ሲቲ ስካኑ ውስጥ ሲገባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል። ምርመራው ራሱ ደቂቃዎች ናቸው። ገባ፣ ወጣ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት እንዳለበት የተማርኩት በኋላ ነው። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ ደግሞ ማወቄ ነው እንዲህ እረፍት የነሳኝ።

ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በከዘራ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ግን መቀስ አይጨብጥም። 40 ዓመት ፒያሳ ላይ የሰፋ እጅ ነው፣ እህትዓለሜ።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የጀመረው። የሰፈራችን እድር ዳኛ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ከባጃጅ ማኅበሩ ሁለት ልጆች፣ ከመምህራን ደግሞ እኔ፤ ለሆስፒታላችን የምርመራ ክፍል ገቢ እናሰባስብ ብለን ኮሚቴ አቋቋምን። እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ባጃጆቹ የአንድ ቀን ገቢያቸውን ሙሉ አመጡ። ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ከመቀነታቸው 200 ብር ፈትተው ሰጡኝና ደረሰኙን አልቀበልም አሉ። «ልጄ በሞተር አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሄዷል፤ ደረሰኙ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ደረሰኙን አሁንም ደብተሬ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ክፍል ውስጥ ስለ ኤክስሬይ ሳስተምር የማነሳው ሰው አለ፤ አለን ኮርማክ። ጆሃንስበርግ የተወለደ የፊዚክስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኬፕ ታውን ውስጥ ግሩት ስኩር በሚባል ሆስፒታል ከመምህርነቱ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። ኤክስሬይ በአካላችን ውስጥ ከብዙ አቅጣጫ ቢያልፍ፣ የውስጡን ምስል በሒሳብ መልሶ መሥራት ይቻላል የሚለውን ማሰላሰል የጀመረው እዚያ ነው። ሃውንስፊልድ የሚባል ኢንጂነር ደግሞ እንግሊዝ አገር ለብቻው የሲቲ ስካን ማሽኑን ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዋ ታካሚ ለንደን ውስጥ ተነሳች። በ1979 ሁለቱ ኖቤልን ተካፈሉ። ይህን ስነግራቸው አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ተነሳ። «ቲቸር፣ ሒሳቡ አፍሪካ ውስጥ ከተጀመረ ማሽኑ ለምን ራቀን?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በማግስቱ ክፍሉ 640 ብር አዋጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ግማሹ የአምስት ብር ነው።

ኮሚቴው ውስጥ ክርክርም አለ። አንዳንዱ «ለምን ኤም አር አይ አንጠይቅም?» ይላል። በማግኔት የአካልን ውስጥ የሚያነሳው ኤም አር አይ ትልቅ ነገር ነው፤ አልጠላውም። ግን የአብዛኞቹ ማግኔት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ሂሊየም ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ሰው ለማንሳትም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለስትሮክ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፈጣን ሲቲ ስካን ነው። በዚህ ላይ አቋሜን አልለውጥም። ጥምቀት ላይ ሕዝቡን እንለምን ያሉም ነበሩ። አዛውንቶቹ «ታቦት ፊት ሙዳየ ምጽዋት ከቤተ ክርስቲያን ሌላ አይዞርም» አሉ። ልክ ናቸው። ታቦታቱ ሁሉ እስከ ጥር 12 ከገቡ በኋላ እንዲሆን ተስማማን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት እሱን ፈርቼ ነው።

ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢያችን አንድ ደብዳቤ አነበቡ። ውጭ የሚኖር የከተማችን ልጅ አንድ ክሊኒክ የሚያስወግደው ሲቲ ስካን አግኝቶልናል። በነጻ! ከእኛ የሚጠበቀው የመርከብና ከጂቡቲ እስከዚህ የሚመጣበት የጭነት ወጪ ብቻ ነው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ነርሷ አለቀሱ። እኔም ተነስቼ አጨበጨብኩ።

እያወቅሁ ነው ያጨበጨብኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት አንድ ሆስፒታል፣ ከሕንጻው ጀርባ ሸራ የለበሰ ትልቅ ማሽን አይቻለሁ። ዶሮ ወጥታበት ተቀምጣለች። «ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «እርዳታ ነው» አለኝ አንድ ራዲዮግራፈር፣ ምስል የሚያነሳ ባለሙያ። ቆሞ አስረዳኝ። ማሽን ብቻውን ማሽን አይደለም አለኝ። መብራት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጠብቀው ስታቢላይዘር፣ ሲጠፋም የሚይዘው ዩፒኤስ ይፈልጋል። ጨረራው እንዳይወጣ ግድግዳውና በሩ እርሳስ የሚባለውን ብረት መልበስ አለባቸው። ክፍሉ ቀን ከሌት መቀዝቀዝ አለበት። ደግሞ ኤክስሬዩን የሚያመነጨው ቲዩብ እንደ መኪና ጎማ የሚያልቅ ነው፤ ሲያልቅ ዋጋው አይቀመስም። ፋብሪካው መለዋወጫውን መሥራት ካቆመ ደግሞ ብርም ይዘሽ ዕቃው አይገኝም። ይህ ሁሉ ቢሟላም ምስሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ያስፈልጋል።

እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ እልልታ መሐል ዶሮዋ ነበረች በዓይኔ ላይ የመጣችው።

ያ ሰው ክፋት የለውም። ከልቡ ነው። ለዚህ ነው የሚከብደው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ስለ ሕክምና መሣሪያ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2000 መመሪያ አውጥቶበታል፤ ለሰጪው የማይሆን ዕቃ ለተቀባዩም አይሆንም፣ ተቀባዩ የሚፈልገውን ይናገር ይላል። እኛ ግን የሚሰጠንን ሰው መጠየቅ ነውር ይመስለናል። «የተሰጠውን ይቀበላል እንጂ» ይሉኛል። የእናቲቱ 200 ብርና የልጆቹ አምስት አምስት ብር ለመርከብ ኪራይ ወጥቶ፣ መጨረሻው ሸራ ከሆነ ምን ብዬ ክፍል እገባለሁ?

ሌላም አለ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ማታ ማታ «ይምጣ ብቻ፣ ምንም ይሁን፣ ይምጣ» የምልበት ጊዜ አለ። ስለ አባዬ እጅ ሳስብ። ከማጨብጨብ አልፎ ልፈርምም እችላለሁ። ስለዚህ ብቻዬን እንድወስን አትተይኝ።

አንቺ የዚህ ነገር ሰው ነሽ። የባዮሜዲካል ኢንጂነር ሥራሽ ይኸው ነው፤ ስንቱን ማሽን ተክለሻል፣ ስንቱን አትረከቡ ብለሻል። የአባዬን ሲንጀር የስፌት መኪና ፈታትተሽ ገጥመሽ፣ አንዲት ብሎን ስትተርፍሽ «ይቺ ትርፍ ናት» ያልሽውን ታስታውሺያለሽ? ብሎኗ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ አለች። መኪናውም ይሠራል። አባዬ «ያቺ ልጅ ካየችው እሺ፤ ካላየችው አይሆንም» ብሏል።

የማሽኑ መለያ የተለጠፈበትን ፎቶ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ ቁጥርሽ ያው የድሮው ከሆነ። ምን እንደምንጠይቅ ንገሪን። የተሠራበት ዓመት፣ ቲዩቡ ስንት ሰው እንዳነሳ፣ ለምን እንዳወለቁት፣ መለዋወጫው እስከ መቼ እንደሚገኝ፤ እኔ ያሰብኩት ይሄን ነው፤ የረሳሁትን አንቺ ጨምሪ። የሚሆን ከሆነ ከአንቺ ጋር እልል እላለሁ። የማይሆን ከሆነ፣ ያለውን ማሽን በጊዜው ማስጠገኛና የዩፒኤስ መግዣ ብናሰባስብ አይሻልም? ለሪባን መቁረጫ አይመችም። ግን አንድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የአንድ ሰው አባት ይድንበታል።

ውሳኔው ጥር 13 ነው። ከበዓሉ ማግስት ያደረግነው እኔ ስለለመንኩ ነው፤ ለምን እንደለመንኩ አሁን ገብቶሻል። ለጥምቀት ነይ። ከተራ ዕለት ቀሐ ወርደን ታቦታቱን እንቀበል፤ ከዚያ ስብሰባው ላይ አጠገቤ ተቀመጪ። ብዙ እንድትናገሪ አልጠይቅም። ተነስቼ ስናገር አጠገቤ ሁኚልኝ።

ሥራ ይበዛብሽ ይሆናል። የእማዬን ነገር ሳትረሺ መምጣት ይከብድሽም ይሆናል። ካልቻልሽ ደውለሽ ስደቢኝ፤ እሱም ይበቃኛል። ግን ነይ።

አባዬ በግራ እጁ መቁረጥ እየተለማመደ ነው። ትናንት ለጎረቤት ልጅ ሱሪ አሳጠረ። ስፌቱ ትንሽ ይዘብራል፤ እሱ ግን እየተቆጣ ፈትቶ ደግሞ ሰፋው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲሉ ሰምቶ፣ ትመጫለሽ ካልኩት ጀምሮ ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። የ12ኛ ክፍል ልክሽን በቃሉ ያውቀዋል። አዲሱን ላኪለት።

እህትሽ