ደብዳቤ ለልጄ፦ የሜፕል ውሃ በናፍጣ ስለማፍላት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የቨርሞንትን ብርድ ስለምትፈራው ጋቢ ልካልሻለች። ጣፋጭ ውሃውን አፍልተሽ ሽሮፕ ለማውጣት የሜፕል ዛፍ ልታልቢ መሆኑን ስትሰማ ግን በሳቅ ሞተች።

የላክሽው ንድፍ ደርሶኛል። ምድር ቤታችሁ ውስጥ የቀረውን አሮጌ የማሞቂያ በርነር (ናፍጣ እየረጨ የሚያነደውን) የዛፉን ውሃ ለማትነኛ መጠቀምሽ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሒሳቡን ግን አስቀድመሽ እወቂው። ከዛፉ የሚወርደው ውሃ ስኳሩ 2 ከመቶ ከሆነ፣ 1 ጋሎን ሽሮፕ ለማውጣት 43 ጋሎን ያህል ይፈጃል፤ ሌላው ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። የናፍጣው ሙቀት ሲሶው በጭስ ማውጫው ይወጣል ብለሽ ብትይዢ፣ ለዚያች አንድ ጋሎን ሽሮፕ ከ4 ጋሎን በላይ ናፍጣ ታቃጥያለሽ። ለሽያጭ አያዋጣሽም። ለቤትሽና ለወዳጅ ከሆነ ግን ሌሊቱን እንጨት ስትማግጂ ከማደር ይሻላል።

ውሃው የሚፈላበትን ትሪ ከስቴንለስ ላሜራ አሠሪው፤ የሚበይደውም ሰው የምግብ ዕቃ የሠራ ይሁን። አሮጌ ትሪ በርካሽ አገኘሁ ብለሽ እንዳትገዢ፤ የድሮዎቹ መገጣጠሚያቸው ሊድ (መርዛማው እርሳስ) ባለበት ብየዳ የተሠራ ብዙ አለ። እሳቱ ትሪውን መላስ የለበትም። ነበልባሉ ቀዝቃዛ ብረት ከነካ ሳይቃጠል ይቀርና ጥላሸት ይሆናል፣ ጥላሸቱ ደግሞ ሙቀቱን ይከለክልሻል። ማቃጠያ ክፍሉን ጥልቅ አድርገሽ እሳት በሚችል የሴራሚክ ጥጥ ሸፍኚው።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። በንድፍሽ ላይ ካድ ሴሉ የለም። በርነሩ ውስጥ የተሰካችው ትንሿ ዓይን ማለቴ ነው። ሥራዋ እሳቱ መያዙን ማየት ነው፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ብርሃን ካላየች ናፍጣውን ታስቆማለች። እሷ ከሌለች እሳቱ ባይያዝም ፓምፑ መርጨቱን ይቀጥላል፣ ናፍጣው በጋለው ክፍል ውስጥ ይተንና በኋላ አንድ ጊዜ ይፈነዳል። የሰው ምድር ቤት እየወረድኩ ስጠግን በኖርኩበት ዘመን፣ ዓይኗን በሽቦ አታለው ያለፏት ሰዎች ቤት ግድግዳው ጥቁር ሆኖ አይቻለሁ።

ለምን እንደሚነቅሏትም አውቃለሁ። በርነሩ ከመነሳቱ በፊት ዓይኗ ብርሃን ካየች ተነሣ ብትዪውም አይነሳም። በእጅ የተሠራ ምድጃ ደግሞ ትሪው በተቀመጠበት ዙሪያ ክፍተት አያጣም፣ የቀን ብርሃን ይገባል። መፍትሔው ክፍተቱን በሴራሚክ ገመድ መድፈን ነው። ያን ጊዜ ጭሱም አይወጣብሽም። አገር ቤት በከሰል ጭስ ታፍነው ስለሚሞቱት ስንሰማ አድገናል፤ የናፍጣውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያው ነው። የምታፈዪበት ጎጆ ውስጥ ይህን ጋዝ የሚጠቁም መሣሪያ ስቀዪ፣ ለእንፋሎቱም ጣሪያውን ክፈቺለት።

የናፍጣ ትልቁ ጥቅሙ ስዊቹን ስትነኪ መጥፋቱ ነው። የጋለው ክፍል ግን ጥቂት ደቂቃ ማሞቁን አይተውም፤ ስለዚህ ትሪው ውስጥ ያለው ከ1 ኢንች ተኩል በታች እንዳይወርድ። ስኳር ካረረ ትሪውም አብሮ ይጠፋል። ስልክ ለማንሳት እንኳ አጥፍተሽው ሂጂ።

ሽሮፑ የሚደርሰው ንጹህ ውሃ ከሚፈላበት 7 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ ነው። ውሃ በ212 ይፈላል ተብሎ የሚነገረውን 219 የሚለውን ቁጥር ዝም ብለሽ አትመኚ፤ የአየሩ ግፊት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። በየጠዋቱ ተራ ውሃ አፍልተሽ ለኪ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ198 አካባቢ ስለሚፈላ፣ እዚያ 219 የሚጠብቅ ሰው ከሽሮፕ ይልቅ ከረሜላ ያገኛል።

አረፋው ሊገነፍል ሲል ቅቤ ጠብ አድርጊበት፣ ወዲያው ይቀመጣል። የእናትሽን ንጥር ቅቤ ግን አደራ! ኮረሪማ የሚሸት ሽሮፕ ማን ይጠጣልሻል?

መጀመሪያ ስታስነሺው ትሪው ውስጥ ተራ ውሃ ይሁን፣ ብቻሽንም አትሁኚ። ናፍጣ በነካው እጅሽ ትሪውን አትንኪ። ኖዝሉን፣ ናፍጣውን የሚረጨውን አፍንጫ፣ ደግሞ እስክነግርሽ አትቀይሪው፤ የድሮው ለቤት ማሞቂያ የተመረጠ ስለሆነ ለትሪሽ ሊበዛ ይችላል። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ የሚረጭበትን ማዕዘን ጭምር፣ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። የማቃጠያ ክፍሉንም ርዝመትና ወርድ ለክተሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ