የጉዞ መድኑን ለቪዛው ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ ግዢው

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ሮም ጉዞሽ ስናወራ በስልክ «ለቪዛው የሚሆን ርካሽ ኢንሹራንስ እቆርጣለሁ» ያልሽኝ ስላልተዋጠልኝ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ የተባለ ይረሳል፤ ይህን ግን አስቀምጪውና መድን ልትገቢ ስትሄጂ ይዘሽው ግቢ።

ኤምባሲው የሚጠይቅሽ ዝቅተኛውን ነው። የሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ደንብ የሚለው መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ይሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች ይሥራ፣ የምትቆዪበትን ጊዜ በሙሉ ይያዝ፤ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ያካትት ነው። ሻንጣ፣ የጉዞ መሰረዝ፣ የተሰረቀ ስልክ በዚህ ውስጥ የሉም። 30,000 ዩሮ ብዙ ይመስላል፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰንብቶ በነርስ ታጅቦ፣ ብዙ ወንበር ተይዞለት ተኝቶ በአውሮፕላን ለሚመለስ ሰው ግን ሊያልቅ ይችላል። የአረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍዪው ዋጋ፣ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ከፍ ያለውን ውሰጂ።

እዚህ ብትታመሚ ብር እንፈልጋለን፤ ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የሚሸጥም አይጠፋም። ሮም ብትታመሚ የሚፈለገው ዩሮ ነው። ብሩ በእጃችን እያለ እንኳ ዩሮ አድርገን በዚያው ቀን ልንልክልሽ አንችልም። ባንክ ለመንገደኛ የሚሸጠው የውጭ ምንዛሪ ልክ አለው፤ እሱም ለምግብና ለማደሪያ እንጂ ለቀዶ ሕክምና የሚበቃ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ባይመልስሽም ሒሳቡ ተከትሎሽ ይመጣል። መድን የምትገዢው ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ እዚያው ቦታ፣ በእዚያው ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንዲኖርሽ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «አረቦኑ ስንት ነው?» አይሁን። «አውሮፓ ውስጥ ለእናንተ የሚሠራው፣ ስታመም የምደውልለት ረዳት ድርጅት ማነው? ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይከፍላል ወይስ እኔ ከፍዬ ነው የምጠይቀው? ከሆነስ ካሳው በብር ነው በዩሮ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ከውሉ ላይ በጣታቸው ያሳዩሽ።

የእድር መዋጮ ስንከፍል «በዚህ ዓመት ከቤቴ ሰው አልሞተምና ገንዘቤን መልሱልኝ» የሚል የለም። መድንም እንደዚያው ነው፤ ካልተጠቀምሽበት ገንዘቡ ባከነ ማለት አይደለም። እድራችን ግን ድንኳን ይተክላል እንጂ አስከሬን ከሮም አያመጣም። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ሆኖም ውሉ ላይ «አስከሬን ወደ አገር መመለስ» የሚለው መኖሩን፣ ከጎኑም ስንት ዩሮ እንደተጻፈ እይ።

ወረቀቱ ሲሰጥሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አንደኛ ስምሽ፦ የፓስፖርትሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት፤ የአያትሽ ስም በፓስፖርቱ ካለ በውሉም ይኑር። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ በሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፣ ካሳ ሲጠየቅ ደግሞ በአንድ ፊደል ልዩነት ፋይል ይቆማል። የልደት ቀንሽም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን።

ሁለተኛ ቀኑ። ቲኬትሽ ኦክቶበር 18፣ 00:15 ይላል። በእኛ አነጋገር ይህ ጥቅምት 7፣ ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው። እኛ ሌሊቱን ከመሸበት ቀን ጋር ስለምንቆጥር «18 ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ማታ እሄዳለሁ» ብሎ አንድ ቀን ዘግይቶ ቦሌ መድረስ ቀላል ነው። በራስሽ የቀን ስህተት ላመለጠሽ በረራ ደግሞ መድን አይከፍልም። መድኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ አገር ቤት እስከምትገቢበት ኦክቶበር 30 ድረስ ይሁንና ሁለት ቀን ይጨመርበት። በረራ ሊሰረዝ ይችላል፤ ታምመሽ ብትቆዪም ውሉ አልጋ ላይ እያለሽ ማለቅ የለበትም።

ሦስተኛ የሚሠራበት አገር። ስትመለሺ ኢስታንቡል ሁለት ቀን አድራለሁ ብለሻል። ቱርክ ሼንገን አይደለችም። ወረቀቱ ላይ «የሼንገን አገሮች» ብቻ ከተጻፈ ኢስታንቡል ላይ ብትወድቂ መድን የሌለሽ ሰው ነሽ። ቱርክ በስሟ እንድትገባ አድርጊ።

አስምሽን አትደብቂ። ለዓመታት ያልተነሳብሽ ቢሆንም ቅጹ «ነባር ሕመም አለብሽ?» ሲል «አለ» በይ፤ የምትወስጂውን መድኃኒትም ጻፊ። በንግድ ሕጋችንም ሆነ በሌላው ዓለም፣ እያወቁ የደበቁት ነገር ውሉን ያፈርሰዋል። ያኔ ለአስሙ ብቻ ሳይሆን ለተሰበረ እግርም ላይከፍሉ ነው። ነባር ሕመምን ጭራሽ የማይሸፍኑም ስላሉ፣ አስም ድንገት ቢነሳ የሚሸፍን መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡልሽ። በኪራይ ሞተር ሳይክል መውጣትና ጠጥቶ መጎዳትም በብዙ ውል ከሽፋን ውጭ ናቸው።

አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር። መስቀልን እዚህ ውለሽ፣ ከእኛ ጋር ሰንብተሽ ነው የምትሄጂው። ዝናቡ ሲያቆም የጣና ዳር የወባ ወቅት ነው። ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ከ7 ቀን እስከ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይነሳል፤ ስለዚህ ሮም ላይ ሊጀምርሽ ይችላል። እዚያ ያለ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ነው። «ወባ ካለበት አካባቢ ነው የመጣሁት፣ የደም ምርመራ ይደረግልኝ» ብለሽ ራስሽ ንገሪው። ከመነሳትሽ በፊት ትኩሳት ከተሰማሽም እዚሁ ተመርመሪ፤ ምልክቱ ጉዞው ሳይጀመር ከታየ መድኑ «ነባር ነው» ሊል ይችላል። አጎበር አዘጋጅቼልሻለሁ።

ከዚህ አዲስ አበባ የምትሄጂበት ቲኬት ከሮሙ ጋር በአንድ ይቆረጥ። ለየብቻ ከተቆረጠ የባሕር ዳሩ ዘግይቶ የሮሙ ቢያመልጥሽ አየር መንገዱ ወደ ሌላ በረራ የማስተላለፍ ግዴታ የለበትም፤ መድንም ይህን የሚሸፍነው «ያመለጠ ተያያዥ በረራ» የሚል ከተጻፈበት ነው። የጉዞ መሰረዝ ሽፋን ከፈለግሽ ደግሞ ቲኬቱን በቆረጥሽ ሰሞን ግዢው፤ ከግዢው በፊት የታወቀ ምክንያት አይቆጠርም። ቪዛው ቢከለከል አረቦኑ ይመለስ እንደሆነም ሳትከፍዪ ጠይቂ።

ሻንጣሽ ሳይመጣ ቢቀር ከአየር ማረፊያው ሳትወጪ አስመዝግቢና የመዝገቡን ወረቀት ተቀበዪ። ስለ አየር ጉዞ በወጣው ዓለም አቀፍ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣው እጅሽ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ማመልከት አለብሽ። በ21 ቀን ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። እስኪመጣ የገዛሻቸውን ልብሶች ደረሰኝ አትጣዪ። አስም መድኃኒትሽን ከነሐኪም ማዘዣው በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ሮም ተርሚኒ ጣቢያና 64 ቁጥር አውቶቡስ ኪስ አውላቂ የማይጠፋባቸው ናቸው፤ ከተሰረቅሽ በ24 ሰዓት ውስጥ የፖሊስ ወረቀት አውጪ፣ አለዚያ ካሳ አይታሰብም።

ሕመም ከመጣ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ መጀመሪያ የአደጋ ጥሪ ቁጥሩን 112 ደውዪ። ካልሆነ ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት ለረዳት ድርጅቱ ደውዪ፤ የውል ቁጥርሽን ሰጥተሽ የጉዳይ ቁጥር ተቀበዪ። ሳትደውዪ የታከምሽበትን «አልፈቀድንም» የሚሉ አሉ። ከከፈልሽም ዝርዝር ደረሰኝ፣ የሕክምና ማስረጃና የመድኃኒት ማዘዣ፣ ሦስቱንም ይዘሽ ውጪ።

የረዳት ድርጅቱን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርትሽ ጀርባ አድርጊው፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። የውሉን ረቂቅ ደግሞ ሳትከፍዪ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ስሙን፣ ቀኑንና ቱርክ መግባቷን አብረን እናየዋለን።

እናትሽ