ለቅዳሜው የመናገሻ ሱባ ጉዞ

የተከበራችሁ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን እንሄዳለን። ክረምቱ ወጥቷልና ለቢራቢሮ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናገኝም።

ቢራቢሮ ሰውነቱ በፀሐይ ካልሞቀ አይበርም። ስለዚህ ማለዳውን ጥድና ዝግባው ውስጥ ለጉሬዛና ለወፎች እንስጠውና ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ገላጣው እንውጣ። እርጥብ ጭቃ ስታዩ ቆም በሉ። ባለፈው ጉዞ ውሃ በቋጠረ የበቅሎ ኮቴ ዳር ሰባት ቢራቢሮዎች ተሰብስበው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ምላሳቸውን ዘርግተው ከጭቃው ጨው ሲመጥጡ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚያደርጉት በአብዛኛው ወንዶቹ ናቸው። ተንበርክኬ ቀረብሁ፤ ጥላዬ ሲያርፍባቸው ግን ሁሉም ብን አሉ። እባካችሁ ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው ተጠንቀቁ።

ብርቱካናማ ሆኖ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ በጥቁሩም ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ካያችሁ አትቸኩሉ፤ እርሱም አይቸኩልም። አባጨጓሬ ሳለ ከበላቸው ወተት ከሚያወጡ ተክሎች ያጠራቀመው መርዝ ስላለበት ወፎች አይደፍሩትም።

መረብ ይዞ መምጣት አይፈቀድም፤ በዓይናችንና በካሜራችን ብቻ እንያዛቸው። ዱኩላ ካጋጠመን ሁላችንም ባለንበት ጸጥ ብለን እንቁም። ጠንካራ ጫማ፣ ውሃና ምሳ አትርሱ።