ማግኔት የማይስባት ስሙኒ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ባለፈው በዓል ከቁም ሣጥኑ ሥር ያገኘሽውን የሳንቲም ጣሳ «አባዬ፣ ይጣል ወይስ ይቀመጥ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ መልሴን ሳትሰሚ ተሳፈርሽ። ትናንት ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ፣ ከተበላሸው ራዲዮ የፈታሁትን ማግኔት ባስጠጋ፣ ከሁለት ስሙኒዎች አንዷ ዘልላ ስትጣበቅ ሌላዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሁለቱም በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው በኩል እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት አሉባቸው፤ አልነቃነቅም ባለችው ላይ ግን ፲፱፻፷፱ ተብሎ ይነበባል። እርሷ ከላይ እስከ ውስጧ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ናት። የተጣበቀችው ዘግይታ የወጣች ስትሆን፣ ውስጧ ተራ ብረት ሆኖ ላይዋ ብቻ ተለብጧል። የማዕድኑ ዋጋ ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ከበለጠ አቅልጦ የሚሸጠው ስለማይጠፋና ማውጣቱም ኪሳራ ስለሚሆን፣ ብዙ አገሮች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቀድሞ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል የነበሩት አምስትና አሥር ሳንቲሞችም የደረሰባቸው ዕጣ ከዚህ አይለይም። ባለ ጥማድ በሬዋ አንድ ሳንቲም ከመጀመሪያውም አሉሚኒየም ስለነበረች ክብደቷ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም።

መልኩ ግን እንዳለ ቆየ። ወታደራዊው መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ ጠመንጃ የያዘው ወታደር ከአምስት ሳንቲም ላይ አልወረደም፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ይህ ነው።

ከጣሳው ሥር ደግሞ አያትሽ ያኖሯት፣ ጠርዟ እንደ አበባ የተሸራረፈ የመዳብ ስሙኒ ወጣች። በላይዋ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክና 1936 ዓ.ም. የሚለው ዘመን ሲኖር፣ መጀመሪያ ክብ ነበረች። በመጠን ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ማለትም ከሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለምትቀራረብ፣ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፏት ጀመር፤ በዚህም ምክንያት በጣት ዳሰሳ እንኳ እንድትለይ ጠርዟ ተቆራርጦ ወጣች። ያን ጊዜ ሳንቲም የሚለብጥ ሰው ይታሰር ነበር፤ ዛሬ ለባጩ መንግሥት ራሱ መሆኑን አያትሽ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

ስለዚህ ጣሳው አይጣልም። ማግኔት የሳባቸውን ለብቻ፣ ያልሳባቸውን ለብቻ ቋጥሬ፣ ባለ አበባዋን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ።

አባትሽ