የዕድሩ ስብሰባ ሳይደርስ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ልጆቹ «አያታችንን መቼ ነው የምናየው?» እያሉ ክረምቱን በጉጉት እየጠበቁ ነው።

አባባ፣ በስልክ የነገሩኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ከጣና ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ሰፈራችን የገባው የወይጦ ማኅበረሰብ ቤተሰብ የዕድር አባል ልሁን ብሎ ማመልከቱን፣ ኮሚቴውም ነገሩን «ይታይ» እያለ ማስተላለፉን ማለቴ ነው። የዕድሩ ዳኛ እርስዎ ስለሆኑ እሑድ ከመድረሱ በፊት የማስበውን ልጽፍልዎ ፈለግሁ።

«ሃይማኖታቸው ሌላ ነው» ተብሏል። በዕድራችን ሙስሊም አባላት አሉ፤ ስንት ዘመን አብረውን አልቅሰዋል፣ እነሱም ሐዘን ሲደርስባቸው ድንኳናችን ተተክሎላቸዋል። ስለዚህ ነገሩ ሃይማኖት አይደለም። «ጉማሬ በሊታ ናቸው» ተብሏል። አደኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ! የዛሬዎቹ ልጆች የጉማሬ ሥጋ ምን እንደሚመስል እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። ወይጦዎች ሙስሊም ነን ሲሉ ሌላው ሙስሊም ለረጅም ጊዜ በሙሉ ልቡ አልተቀበላቸውም። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ አማርኛ አፍ መፍቻቸው ሲሆንም እኛ አልቀረብናቸውም። ምክንያት የተባለው ሁሉ አንድ በአንድ ሲወድቅ መራቁ ብቻውን ቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ መጀመሪያውኑ መራቁ ነው የቀደመው፤ ምክንያቱ ኋላ ተፈለገለት።

ለባሕር ዳር ደግሞ እንግዳ አይደሉም። በሐይቁ እንጨቱም እህሉም ይጓዝ የነበረው በደንገል ታንኳ ነው፤ በታንኳ ሥራ እነሱን የሚስተካከል አልነበረም። የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡትም እነሱ ነበሩ። የጠረቡትን ወፍጮ ጓዳ አስገብቶ፣ እንጀራውን በልቶ፣ ጠራቢውን ደጅ ማስቆም በየትኛው ፍርድ ልክ ይሆናል? ዛሬ የሐይቁ ዳር በሆቴልና በመዝናኛ ሲያዝ ደንገሉም የዓሣ ማጥመጃውም እየራቃቸው ነው። ከውሃውም ከሰውም ተገፍተው የት ይግቡ?

አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውን ያውቃሉ። ንጉሥ አዘዘ፣ ስድቡ ግን አልቀረም፤ እኛም ልጅ ሳለን «ቡዳ» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አዋጅ በጎ ነገር ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር የሚማረው ግን በለቅሶና በሠርግ ነው።

አንድ ጥናት ላጫውትዎ። ቱርክ አገር የተወለደው ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ የማይተዋወቁ ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አሰፈረ። በዘር ወይም በሃይማኖት የሚለያዩ ልጆች አልነበሩም። ጨዋታ አወዳደራቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። አብረው እንዲበሉ ቢደረግ ምግብ ተወራወሩ! የቀረቡት ሌላ ነገር ሲመጣ ነው፦ የሚጠጡት ውሃ ተቋረጠና ብልሽቱን አብረው ፈለጉ፤ መኪናው አልነሣ ብሎ በአንድ ገመድ ጎተቱት። ጠቡ ቀስ በቀስ በረደ።

ይህን ሳነብ የታየኝ ዕድር ነው። ያን የወይጦ አባወራ ቡና ጠርቶ በሌላ ሲኒ ማጠጣት አያቀራርብም። ድንኳን አብሮ መትከል፣ ወንበር አብሮ መሸከም፣ ከሐዘንተኛው ጋር አብሮ ማደር ግን ያቀራርባል። በግማሽ ከሆነ ግን ይቅር። መዋጮ እየከፈለ ጥግ የሚቀመጥ አባል ከሚሆን ባይገባ ይሻለዋል። እንደማንኛችንም ተራ ይድረሰው፣ በስብሰባም ድምፅ ይኑረው።

ብዙዎቹ ለብቻቸው ሲያገኙዎት «እኔስ ግድ የለኝም፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው» እንዳሉዎት ነግረውኛል። ሁሉም ሌላውን ፈርቶ ዝም ካለ ማንም ያልፈለገው ነገር የሁሉም ውሳኔ ሆኖ ይወጣል። ሰሎሞን አሽ የተባለ ተመራማሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን መርምሯል። የመስመሮችን ርዝመት በዓይን እንዲያስተያዩ አድርጎ፣ ሌሎቹ ከእሱ ጋር ተመካክረው ስሕተቱን ሲናገሩ ብዙ ሰው ዓይኑ እያየ አብሯቸው ይሳሳት ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን ሌላውም ያየውን ለመናገር ደፈረ።

አባባ፣ እሑድ ያ አንድ ሰው እርስዎ ይሁኑ። ዳኛ መጨረሻ ይናገራል የሚለውን ልማድ ለዚህ ጉዳይ ይተዉትና አስቀድመው ይናገሩ። ከዚያ በፊት ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን በየቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ፤ ለብቻቸው ያሉዎትን በጉባኤ እንዲደግሙት ቃል ያስገቧቸው። ሰውየውም ደጅ ቆሞ ውሳኔ እንዳይጠብቅ፣ ገብቶ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ። የመግቢያው ክፍያ ከከበደው እኔ እልካለሁ፤ በስሙ ይመዝገብለት፣ የእኔ ስም ግን አይነሣ።

እሑድ ማታ እደውላለሁ። መድኃኒትዎን እንዳይረሱ።

ልጅዎ