ቲን ቁጥራችሁን ከሐምሌ በፊት እዩት

ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት፣

ጣና ላይ ጀልባ የምታሠሩም፣ ወደቡ አካባቢ እደ ጥበብ የምትሸጡም፣ ይቺን በደንብ አንብቡልኝ። አሁን ብዙ እንግዳ የሚከፍለን በኪውአር ኮድ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ከቲን ቁጥራችን (ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን) ጋር የተያያዘ ነው። ቲን 10 አኃዝ አለው፤ ከፊት ያሉት ዜሮዎችም ይቆጠራሉ። እኔ አንዷን አኃዝ አሳስቼ ሞልቼ ገንዘቤ 3 ሳምንት ተያዘብኝ። የነዳጅ ተበድሬ ነው የሠራሁት። ማናችሁም እንዲህ እንድትጨነቁ አልፈልግም።

ስሙንም እዩት። ንግድ ፈቃዱ፣ የቲን ሰርተፍኬቱና የባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዴ በአንድ "ኤስ"፣ አንዴ በሁለት ከሆነ ሲስተሙ ላያመሳክረው ይችላል።

በግል ስትሠሩ ቆይታችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያቋቋማችሁ ደግሞ አትርሱ፤ ድርጅቱ የራሱ ቲን አለው። ገቢው በድሮው የግል ቲን እንዳይገባ ቶሎ አስቀይሩ።

ሐምሌ ከገባ ግብር ከፋዩ ብዙ ነው፣ ወረፋውም አይቻልም። የተቸገረ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ወደቡ ጋ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን። የሰርተፍኬቱን ፎቶ ግን እባካችሁ ግሩፑ ላይ አትለጥፉ።