ከሁለተኛው ማሽን በፊት መድኑ ይቅደም

ይድረስ ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ፤ ሐዋሳ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ለቆ የእጥበት ሥራው ወቅት ስለገባ ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ።

ጋሼ፣ ከላቫጆው አልፈው የሆቴሎችንና የሕንፃዎችን ግድግዳ፣ ጣሪያና የግቢ ንጣፍ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ለማጠብ መነሣትዎን ስሰማ ከልብ ደስ ብሎኛል። አንዱ ሆቴል ውል ከመፈረሙ በፊት የመድን ማረጋገጫ እንዲያቀርቡ መጠየቁንና እርስዎም ለመድኑ በሚወጣው ገንዘብ ሁለተኛ ማሽን መግዛት ይሻላል ብለው ማሰብዎን ነግረውኛል። በስልክ ብመልስልዎ ነገሩ ተድበስብሶ እንዳይቀር በመስጋት በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድኩ። እኔ መድኑ መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

የምሠራበት ድርጅት ሥራ ከእርስዎ ሥራ ጋር አንድ ነው። ማሽኖቻችን ከ3000 እስከ 4000 ፒኤስአይ ግፊት ይሰጣሉ፤ ይህም እርስዎ በለመዱት መለኪያ ከ200 ባር በላይ ማለት ነው። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር አካባቢ መሆኑን ሲያስቡ የውኃውን ጉልበት ይረዱታል። ላቫጆ ቤት ውስጥ ስሕተት ቢፈጠር የሚበላሸው የአንድ መኪና ቀለም ነው። ሕንፃ ላይ ግን ውኃው የሕንፃው ውጫዊ ልባስ በሆነው በአሉኮቦንዱ መጋጠሚያ ወይም በመስኮቱ ሲሊከን በኩል ዘልቆ የውስጡን ግድግዳ፣ ምንጣፉንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሊያገኝ ይችላል። ኖዝሉ፣ ማለትም ውኃው የሚወጣበት ጫፍ፣ ከልክ በላይ ከቀረበ ቀለም ይልጣል፣ እንጨት ይፈለፍላል፣ በኮብልስቶን መካከል ያለውን አሸዋ ጠርጎ ያወጣል፤ በእርጥቡ ንጣፍ ላይም አላፊ አግዳሚ አዳልጦት ሊሰበር ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው የመካስ ግዴታ አለበት፤ በአንቀጽ 2130 ደግሞ ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል። የንግድ ፈቃዱ በግል ስምዎ የወጣ በመሆኑ ካሳው ከሥራው ገንዘብ አልፎ እናታችን ወደሚኖሩበት ቤት ሊደርስ እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ የሆቴሉን ጥያቄ እንደ ንቀት አይቁጠሩት። እዚህ አገር የሕንፃ አስተዳዳሪዎች የመድን ማረጋገጫ ወረቀት ሳያዩ ውል የሚሰጡት ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀውም ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን፣ በውሉ ዘመን ለሚደርሱት ሁሉ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዶላር ድረስ የሚሸፍን የኃላፊነት መድን፣ ማለትም በሥራችን በሌሎች ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚከፍል መድን ነው። ማረጋገጫውን ማቅረብ የቻለ ትንሽ ድርጅት ከትልቁ ጋር እኩል ሲወዳደር፣ ያልቻለው ደግሞ ጥሩ ማሽን ይዞ ከበር ሲመለስ አይቻለሁ።

መድን መግባት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከሁሉ በላይ እንዲያስተውሉልኝ የምለምንዎት ይህን ነው። የኃላፊነት መድን ውሎች ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚሠራበትን ንብረት ራሱን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። ውኃውን የሚረጨው ረጅም ዘንግ (ላንሳው) ከሠራተኛው እጅ አምልጦ በአጠገቡ የቆመን የሰው መኪና መስታወት ቢሰብር መድን ሰጪው ይከፍላል፤ ሠራተኛው እያጠበ ያለውን ግድግዳ ራሱን ቢልጠው ግን «ይህ የሥራ ጉድለት ነው፤ አይመለከተንም» ሊል ይችላል። ለአጣቢ ድርጅት ደግሞ ዋናው ስጋት ይኸው የሚታጠበው ግድግዳ ነው። እዚህ የማውቀው አንድ ያገራችን ልጅ በትጋት ያቋቋመው ድርጅት ነበረው። የአንድ ደንበኛ የእንጨት በረንዳ በግፊቱ ብዛት ተቦጫጭቆ ካሳ ሲጠየቅ፣ አረቦኑን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ ሳያቋርጥ ሲከፍል ኖሮ ሳለ ጉዳቱ ከሽፋኑ ውጭ ነው ተባለና ሙሉውን ከኪሱ ከፈለ። ልጁ ውሉን ሲፈርም ያነበበው የሚሸፈነውን የገንዘብ መጠን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉዳት ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት በልዩ አንቀጽ ማካተት የሚቻልበት ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ እንደ አዋሽና ኒያላ ያሉት የግል ኩባንያዎች ዘንድ ቢሄዱ «የምናጥበው ግድግዳ ራሱ ቢበላሽ ትከፍላላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የወኪል የቃል ማረጋገጫ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን አይጠቅምም።

ሌላው ያሳሰበኝ አብሮዎት የሚሠራው የእኅታችን ልጅና ሌሎቹ ሠራተኞች ናቸው። በዚህ ግፊት የሚወጣ ውኃ እጅን ቢመታ ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የሚታየው ትንሽ ጭረት ቢመስልም ውስጡ ሊበሰብስና ጣት እስከ ማስቆረጥ ሊደርስ ስለሚችል ሕመም ባይኖርም እንኳ ወዲያውኑ ወደ ቀዶ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ለልጆቹ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ። እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው አሠሪም ቢሆን የሠራተኞች ጉዳት መድን እንዲገባ ሕግ ያስገድደዋል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማይችል ከሆነ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይካሳል። የኃላፊነቱ መድን የውጭ ሰዎችን እንጂ የራስዎን ሠራተኞች ስለማይመለከት ለእነርሱ ሌላ ውል ያስፈልጋል።

ፒክአፑ የሦስተኛ ወገን መድን ያለው መሆኑም አያዘናጋዎት፤ እርሱ ተሽከርካሪው በሰውና በንብረት ላይ ለሚያደርሰው አደጋ ነው። ላዩ ላይ የተጫነው ማሽን ቢሰረቅ ወይም ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ ጉዳት ቢያደርስ አይደርስልዎትም።

ስለ እጣቢውም ልናገር። በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል የተቀላቀለበት ውኃ የሆቴሉን ሣርና አበባ ያደርቃል፣ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ከገባም መድረሻው ሐይቃችን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ውኃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የጣልንበት ሁሉ እዚያው ይከማቻል። እዚህ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የወጣው የንጹሕ ውኃ ሕግ መሠረት ሆኖ፣ እንዲህ ያለውን እጣቢ ወደ ጎርፍ ቦይ መልቀቅ ስለሚያስቀጣ ቦዩን ዘግተን እጣቢውን በፓምፕ እንሰበስባለን። የብክለት ጉዳት በተለመደው የኃላፊነት መድን እምብዛም አይሸፈንም። ሕዝቡ ዓሣውን የሚበላበትን ሐይቅ መጠበቁ ደግሞ መድን ቢኖርም ባይኖርም የእኛ ግዴታ ነው።

ቅጹን ሲሞሉ ስንት ፎቅ ድረስ እንደሚወጡ፣ ምን ኬሚካል እንደሚጠቀሙና ስንት ሠራተኛ እንዳለዎት አንድም ሳይደብቁ ይጻፉ። አረቦኑ ይቀንስልኛል ተብሎ የተደበቀ ነገር በኋላ ሲገኝ ውሉን ያፈርሰዋል። ሥራ ከመጀመርዎ በፊትም ስንጥቁን፣ የተላጠውን ቀለምና የላላውን መስኮት የሆቴሉ ተወካይ ባለበት ፎቶ አንሥተው ያስፈርሙት፤ የነበረ ጉዳት በእናንተ እንዳይሳበብ ይረዳል።

ለሁለተኛው ማሽን ልልክልዎ ያዘጋጀሁትን ገንዘብ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት አረቦን እንዲከፈልበት እልካለሁ፤ የተረፈው ለጓንት፣ ለቦቲና ለዓይን መከላከያ ይሁን። ማሽኑን የሆቴሉ የመጀመሪያ ክፍያ ሲገባ አብረን እንገዛለን። ከሁለት ኩባንያዎች የዋጋ ማቅረቢያና የውል ረቂቅ ተቀብለው፣ በተለይ የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩባቸውን ገጾች በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ከመፈረምዎ በፊት ይላኩልኝ። እሑድ ዕረፍት ስለሆንኩ አንድ በአንድ አነብና እደውልልዎታለሁ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ፤ ከሜሪላንድ